ገናን ላሊበላ፦ እናቴን ይዤ አልጋ የት ብይዝ ይሻላል?

የእማዬ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ዘንድሮ እናቴን ለገና ላሊበላ ላሳልማት ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ስትመኘው የኖረችው ነገር ነው፣ እኔም ከዚህ በላይ ማዘግየት አልፈልግም። ወደ ሰባ እየተጠጋች ነው። ሜዳ ላይ ቀስ እያለች ብዙ ትሄዳለች፣ ቁልቁለት ላይ ግን ጉልበቷን ያማታል፣ ሰው ካልደገፋት አትወርድም። ደግሞ ሐሳቧን የምትቀይር ሴት አይደለችም። ሌሊቱን ማኅሌቱ ላይ ነው የማድረው ብላለች፣ እዛ ድረስ ሄጄማ አልጋ ላይ አላድርም ነው የምትለው።

እስካሁን ሦስት አማራጭ አለኝ። አንዱ ገደሉ ጫፍ ላይ ካሉት ሆቴሎች ነው። ፎቶው በጣም ያምራል፣ ክፍሉ ሰፊ ነው፣ ሙቅ ውሃ አለ ይላሉ፣ ከአብያተ ክርስቲያናቱ በእግር 15 ደቂቃ ብለው ጽፈዋል። ሁለተኛው መሀል ከተማ ያለ ትንሽ ገስት ሃውስ ነው፣ ጠባብ ነው፣ ዋጋው ግን ለገና ስለሆነ ከመጀመሪያው ብዙም አይተናነስም። አምስት ደቂቃ ነው አሉኝ። ሦስተኛው የሥራ ባልደረባዬ ዘመዶች እዛ አሉ፣ ቤታችን እረፉ ብለውናል። ሰዎቹን አላውቃቸውም፣ ማስቸገር እንዳይሆንብኝ ፈራሁ።

ሄዳችሁ የምታውቁ እንዴት ትመርጣላችሁ? ለእናቴ የሚመቸውን እንጂ ለፎቶ የሚያምረውን አልፈልግም። ወንድሜ አብሮን ስለሚሄድ የሚደግፋት ሰው አለ።

ላስታ ልጅ

እህቴ፣ እናትሽን ይዘሽ ልትመጪ በመሆኑ በጣም ደስ ብሎኛል። እኔ ላሊበላ ተወልጄ ነው ያደግኩት፣ የማውቀውን ልንገርሽ።

አምስት ደቂቃና 15 ደቂቃ የሚሉሽ ብዙም አይረዳሽም። ከተማው አቡነ ዮሴፍ ተራራ ሥር ተዳፋት ላይ ነው ያለው፣ ሜዳ የሚባል መንገድ የለንም ማለት ይቻላል። አንድ ወጣት በአምስት ደቂቃ የሚወርደውን እናትሽ ግማሽ ሰዓት ሊፈጅባቸው ይችላል። ስለዚህ ስትደውዪ «ስንት ደቂቃ ነው» አትበዪ። «ከእናንተ ተነስቼ ወደ ቤተ ማርያም ስሄድ ቁልቁለት ነው? መንገዱ ኮብልስቶን ነው ወይስ አፈር? ደረጃ አለው?» በያቸው። ሠራተኛው መልስ ካጣ መንገዱን የሚያውቅ ሰው እንዲያቀርቡልሽ ጠይቂ።

ሁለተኛው ነገር «ለአብያተ ክርስቲያናቱ ቅርብ ነን» ሲሉሽ ለየትኛው ብለሽ ጠይቂ። 11 ናቸው፣ አንድ ቦታ የተሰበሰቡ አይደሉም። ዮርዳኖስ የምንለውን ወንዝ መሀል አድርገው በሁለት ወገን ነው ያሉት። ከወዲህ ቤተ መድኃኔዓለም፣ ቤተ ማርያም፣ ቤተ መስቀል፣ ቤተ ደናግል፣ ቤተ ሚካኤልና ቤተ ጎልጎታ ናቸው። ከወዲያ ደግሞ ቤተ አማኑኤል፣ ቤተ መርቆሬዎስ፣ ቤተ አባ ሊባኖስና ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል። ቤተ ጊዮርጊስ ብቻውን ራቅ ብሎ ነው። ቤተ ጊዮርጊስ አጠገብ ያለ ቤት ቅርብ ነኝ ቢልሽ አልዋሸም። ግን የገና ሌሊት የእናትሽ ልብ ያለው ቤተ ማርያም ነው፣ ገና ሲነጋ ካህናቱ የሚያዜሙት ቤዛ ኩሉም የሚባለው እዛው ነው። መለኪያሽ ቤተ ማርያም ይሁን።

ገደሉ ጫፍ ያሉት ሆቴሎች እውነትም ቆንጆ ናቸው፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ሸለቆውን እያየሽ መቀመጥ የመሰለ ነገር የለም። ነገር ግን በዋዜማው ሰው መንገዱን ሁሉ ስለሚሞላው ባጃጅ እንደ ልብ አይገኝም፣ ቢገኝም እስከ በሩ አያደርስሽም። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ እናትሽ ደከመኝ ቢሉ በእግር ነው የምትመልሻቸው፣ ያውም በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል። እኔ ብሆን መሀሉን እመርጣለሁ። ሰቨን ኦሊቭስ ነባር ሆቴል ስለሆነ ሁሉም ሰው ያውቀዋል፣ የምትይዢው ቤት ከሱ በየት በኩል እንደሆነ ብትጠይቂ ቦታው ቶሎ ይገባሻል፣ እሱ ለአብያተ ክርስቲያናቱ ቅርብ ነውና።

እህተ ማርያም

ላስታ ልጅ ያለው ልክ ነው። እኔ የምጨምረው ስለ ሌሊቱ ነው፣ አልጋውን የሚወስነው እሱ ነውና።

የገና ሌሊት አልጋ የሚያዘው ለመተኛት አይደለም። ብዙው ተሳላሚ ሜዳ ላይ፣ ድንኳን ውስጥ፣ በየግድግዳው ሥር ጋቢውን ተከናንቦ ነው የሚያድረው፣ ከገጠር በእግሩ ቀናት ተጉዞ የመጣ ሰው። እናትሽም ከነሱ ጋር ማደር ነው የፈለጉት፣ አይከልከሉ። ታዲያ ክፍሉ ለምን ያስፈልጋል ካልሽኝ፣ መጀመሪያ ለመጸዳጃ ቤት። ይህን ማንም አያነሳውም፣ ያፍራሉ መሰለኝ። አንዲት የሰባ ዓመት እናት በብርድ ሌሊቱን ሙሉ ውጭ ስታድር ደጋግማ መነሳት ሊኖርባት ይችላል። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል ንጹሕ መጸዳጃ ማግኘት ከባድ ነው። ያየኋቸው እናቶች እሱን ፈርተው ከቀን ጀምሮ ውሃ ሳይጠጡ ያድራሉ፣ የዋዜማውን ጾም፣ ገሃዱን፣ ጾመው የዋሉ ሰዎች ናቸው፣ ከዚያ ራሳቸውን ያዞራቸዋል። ቅርብ ክፍል ካለሽ ወስደሽ ትመልሻቸዋለሽ፣ ፊታቸውን ታጠብ ያደርጋሉ፣ ትንሽ ጋደም ብለው ደግሞ ይመለሳሉ። ለዚህ ስትዪ ጠባቧን ገስት ሃውስ ያዢ።

ስትይዢ ሽንት ቤቱ ክፍሉ ውስጥ መሆኑን አረጋግጪ። ኮመን ከሆነ በገና ሰሞን ስንት ሰው እንደሚሰለፍበት አስቢው። መቀመጫ ያለው ነው ወይስ የቁጢጥ ብለሽም ጠይቂ፣ ጉልበት ለሚያመው ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ሌላው ብርዱ ነው። ከተማው 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፣ ታኅሣሥ ላይ ቀኑ ሞቅ ቢልም ንጋት ላይ ድንጋዩ ራሱ ብርድ ይተፋል። እናትሽ ነጠላ ብቻ ለብሰው እንዳይወጡ። ከሥር ወፍራም ሹራብ፣ ከላይ ጋቢ፣ ሁለት ካልሲ፣ የሚቀመጡበት አጎዛ ወይም ታጣፊ ፍራሽ። ለጫማ ፌስታል ያዢ። በር ላይ ጫማ የሚጠብቁ ልጆች አሉ፣ ታማኝ ናቸው፣ ግን በዚያ ቀን ከክምሩ ውስጥ የራስን ፈልጎ ማግኘት ጊዜ ይወስዳል። በፌስታል አስገብተሽ ቦርሳሽ ውስጥ ብትከቺው በፈለጋችሁ በኩል ትወጣላችሁ።

አቤል ዘአራዳ

እኔ በዚህ አልስማማም። መሀል ከተማ አርፌ አውቃለሁ፣ ድካሜ ሳይወጣልኝ ነው የተመለስኩት። ሞንታርቦው ቀንና ሌሊት አይዘጋም። ክፍሉ በር ላይ ሰው ይተኛል፣ ኮሪደሩ ይሞላል። ውሃ ይጠፋል፣ አንድ ባልዲ ሰጥተውኝ በዚያ ነው የታጠብኩት። ለእናትሽ ጤና የሚያስፈልገው ጸጥ ያለ ቦታ ላይ ሁለት ቀን በደንብ ማረፍ ነው። የተሻለ ሆቴል ያዢ፣ ጄኔሬተርና የውሃ ታንከር ያለው፣ መኪና ከነሹፌሩ ተነጋገሪ። ዋዜማ ላይ በጊዜ ያደርሳችኋል፣ ከቤዛ ኩሉ በኋላ ሰው ሲቀንስ ይመልሳችኋል። መሀል ሌሊት መመላለስ ለምን አስፈለገ?

እህተ ማርያም

አቤል፣ ድምጹን በተመለከተ እውነትህን ነው፣ እንቅልፍ የለም። ግን እሳቸው እኮ ለዚያ ድምጽ ነው የሚሄዱት። ማኅሌቱ በመስኮት ሲገባ የሚረበሹ ሰው አይመስለኝም። ስለ ውሃውና መብራቱ ያነሳኸው ግን መጠየቅ ያለበት ነገር ነው፣ ታንከር ከሌላቸው እኔም አልመክርም። የመኪናው ነገር የሚሠራው እናትየው እስከ ጠዋት ከቻሉ ነው። ካልቻሉስ? መኪናው ሕዝቡን ሰንጥቆ አይገባም።

አቤል ዘአራዳ

እሺ፣ ለሳቸው ከሆነ ይሁን። ታንከሩን ግን በፎቶ ጭምር ይላኩልሽ።

ጥር ወር

አልጋ ስትይዢ ቀኑን አጥሪው፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። ገና ሁልጊዜ ታኅሣሥ 29 አይደለም። በዘመነ ዮሐንስ 28 ላይ ነው የሚከበረው። 2016 እንደዛ ነበር፣ ቀጣዩ 2020 ነው። በፈረንጅ ግን ሁሌም ጃንዋሪ 7 ነው። በኢንተርኔት ከያዝሽ የፈረንጁን ቀን ነው የሚያሳይሽ፣ በስልክ ከያዝሽ ደግሞ የሐበሻውን ይጽፋሉ። ሁለቱንም ተናገሪ። «በጃንዋሪ 6 ገብቼ በ7 እወጣለሁ» ብለሽ ከያዝሽ ለዋዜማው ቀን ተጉዘሽ የደረስሽበት ድካም ሳይወጣ ሌሊቱን ልታሳድሪያቸው ነው። ቢያንስ ከዋዜማው አንድ ቀን ቀድማችሁ ግቡ፣ እናትሽ አንድ ሙሉ ሌሊት ይተኙ።

ሰዓቱም እንደዚያው ነው። የአውሮፕላን ትኬት ላይ 7፡00 ካለ ጠዋት 1 ሰዓት ማለት ነው። ኤርፖርቱ ከከተማው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፣ ስለዚህ ሆቴሉ መኪና ይልካል ወይ ብለሽ አብረሽ ጨርሺ። በመኪና ከሄዳችሁ በወልዲያ፣ ጋሸና አድርጎ ነው፣ ለእናትሽ ግን በአየር ብትሄጂ እመርጣለሁ። የመንገዱ ሁኔታ በየጊዜው ይለዋወጣል፣ ያገራችንን ነገር ታውቂዋለሽ። በሳምንቱ ውስጥ እዛው ላለ ሰው ደውለሽ ጠይቂ፣ ከወር በፊት የሰማሽውን ይዘሽ አትውጪ። ቀብድ ስትከፍዪም መንገድ ቢዘጋ ወይም በረራ ቢሰረዝ ገንዘቡ ይመለስ ወይስ ወደ ሌላ ቀን ይዛወር እንደሆነ ቀድመሽ ተነጋገሪ።

የእማዬ ልጅ

እግዚአብሔር ይስጣችሁ፣ በጣም ነው የረዳችሁኝ። የመጸዳጃ ቤቱን ነገር ጭራሽ አላሰብኩትም ነበር። ዛሬ ገስት ሃውሱ ጋ ደወልኩ። ሽንት ቤቱ ክፍሉ ውስጥ ነው፣ መቀመጫ አለው። ታንከር አለን አሉ። ወደ ቤተ ማርያም ግን ቁልቁለት ነው፣ ኮብልስቶን። አንድ ቦታ ላይ ደረጃ አለው ብሎኛል ልጁ።

ስለ ሰዎቹ ቤት ግን ማንም አላነሳልኝም። ባልደረባዬ ትላንት እንደገና አጥብቃ ጠየቀችኝ፣ እናቷ እንደተቀየሙ ሁሉ ነገረችኝ። እማዬ ደግሞ ይህን ስትሰማ ሆቴል ምን ያደርጋል አለች።

ላስታ ልጅ

ሰዎቹማ ከልባቸው ነው። እኛ ጋ ለገና የመጣ እንግዳ በረከት ነው። በእግሩ የመጣውን ተሳላሚ ውሃ አሙቀው እግሩን የሚያጥቡ አሉ፣ የማያውቁትን ሰው። እናቴ ዘመድ ላልሆነ ሰው ስትነሳና ስትቀመጥ ነው ያደግኩት፣ በዚያ ሰሞን እኛ ልጆቹ መሬት ላይ ነበር የምንተኛው፣ አልጋው ለእንግዳ ነው። ስለዚህ ማስቸገር ነው ብለሽ አትፍሪ። አንቺ ስላልመጣሽ ቦታው ባዶ አያድርም፣ ሌላ እንግዳ ይገባበታል። አንቺ ብትመጪም ሌላው አይባረርም፣ ጠጋ ጠጋ ይባላል።

ግን ለእናትሽ ጉልበት ስል እውነቱን ልንገርሽ። ቤቱ የትኛው ሰፈር እንደሆነ ጠይቂ፣ አንዳንዱ ሰፈር ወደ ቤተ ማርያም ለመድረስ ወርደሽ ደግሞ መውጣት አለብሽ። የላስታ ነባር ቤቶች ከድንጋይ የተሠሩ ክብ ባለ ሁለት ፎቅ ናቸው፣ ወደ ላይኛው የሚወጣው ደረጃ በውጭ ነው፣ ብዙ ጊዜ መደገፊያ የለውም። ለክብር ብለው ላይኛው ክፍል ሊያስተኟቸው ይችላሉ። ሽንት ቤቱ ደግሞ ግቢው ጥግ ነው፣ ሌሊት በባትሪ የሚኬድ። ይህን ሁሉ ባልደረባሽን በግልጽ ጠይቂያት፣ አትቀየምሽም።

የኔ ሐሳብ እንዲህ ነው። ማደሪያችሁን ገስት ሃውሱ አድርጉ፣ ገናን ግን እነሱ ቤት ዋሉ። ከቤዛ ኩሉ በኋላ እናትሽ ጾማቸውን የሚፈቱት እዛ ይሁን፣ ቡናውም እዛ። ለእናትየዋ ቅያሜ ይህ ይበቃል፣ እናንተም ብቻችሁን ሆቴል ውስጥ ገናን አትውሉም። ባዶ እጃችሁን አትሂዱ፣ ቡናና ስኳር፣ ጥሩ ዕጣን ካገኘሽ ዕጣን። ገንዘብ እንዳትሰጪ፣ ገንዘቡ ያስቀይማቸዋል።

ቁልቁለቱን በተመለከተ ልጁ እውነቱን ነግሮሻል፣ ከመሀል ከተማ ወደዚያ ሲኬድ መውረድ አይቀርም። ሌላም ቤት ብትይዢ ታገኚዋለሽ። ብርሃን ሳለ ውረዱ፣ በዋዜማው ከሰዓት በኋላ። ወንድምሽ ከፊት ይሁን፣ እናትሽ ትከሻውን ይዘው ይውረዱ፣ አንቺ ከጎን። መቋሚያ ወይም ምርኩዝ ካላቸው ይያዙ። መመለሻው ዳገት ነው፣ እሱ ለጉልበት ይሻላል፣ ልባቸው ደህና ከሆነ እየተቀመጡ መውጣት ነው።

ሐረገ ወይን

እኔ አባቴን ይዤ ሄጄ ነበር፣ እሱም እግሩን ያመው ነበር። አንድ ነገር ብቻ ልበል። በገና ማግስት አትመለሱ። ሰው ሁሉ በዚያ ቀን ነው የሚወጣው፣ ትራንስፖርቱም ይጨናነቃል። አንድ ወይም ሁለት ቀን ብትቆዩ ከተማው ይረጋጋል፣ ብዙ ቦታ የአልጋ ዋጋም ይወርዳል። በገና ዕለት ሁሉንም ልሳለም ብትሉ ግፊያው አያስችላችሁም። በነጋታው ግን አባቴ ቤተ ማርያም ውስጥ ገብቶ ምሰሶውን እየዳሰሰ፣ ጣሪያው ላይ ያለውን ሥዕል ቀና ብሎ እያየ ረጅም ሰዓት ተቀመጠ፣ ማንም አልገፋውም። ለሱ ያ ቀን ከገናው ቀን አያንስም ነበር።

ሁሉንም መዞር ግድ አይደለም። ከወዲያ ማዶ ባሉት መሀል ጨለማ ዋሻ አለ፣ ግድግዳውን በእጅ እየዳሰሱ የሚያልፉት፣ ሲኦልን ያስታውሳል ይባላል። መሬቱ አይታይም፣ እናትሽን በዚያ እንዳታስገቢያቸው። ቤተ ጊዮርጊስንም መውረድ ካቃታቸው ከላይ ከአፋፉ ሆነው ይሳለሙት፣ መስቀል የሆነው ጣሪያው ሙሉ ለሙሉ የሚታየው እንደውም ከላይ ነው። አፋፉ ላይ አጥር የለም፣ እጃቸውን ይዘሽ፣ ጠጋ ሳይሉ።

ጥር ወር

ሐረገ ወይን ያለችው ላይ ልጨምር። ገና ላይ ግድ ካልሆነ ሌላ ጊዜም አለ። ሰኔ 12 የቅዱስ ላሊበላ የዕረፍቱ በዓል ነው፣ ግን ክረምቱ ሊገባ ሲል ስለሆነ ድንጋዩ ሊያንሸራትት ይችላል። ለጉልበት ታማሚ ከጥቅምት እስከ ኅዳር ባለው በተራ እሑድ ሄዶ ማስቀደስ ነው የሚቀለው። አልጋ እንደልብ ነው፣ ቦታም አማርጠሽ ትይዢያለሽ።

የእማዬ ልጅ

ጥር ወር፣ ይህን ለእማዬ አንብቤላት ነበር። ገናን ነው የተሳልኩት አለች፣ አበቃ። ስለዚህ ገና ነው።

እንዲህ ወስነናል። ከዋዜማው አንድ ቀን ቀድመን በአየር እንገባለን፣ ገስት ሃውሱን አራት ሌሊት እንይዛለን፣ ገናን ባልደረባዬ ቤተሰብ ጋ እንውላለን። ነግሬያት በጣም ደስ ብሏታል። አሁን የቀረኝ ቀብድ መላክ ነው፣ ግማሹን በቴሌብር ላኪ ብለውኛል። በዚህ ላይ የምትሉኝ ካለ።

ላስታ ልጅ

በገና ሰሞን ቀብድ መቀበል የተለመደ ነው፣ ችግር የለውም። ግን «አልጋ ይዘንልሻል» በሚል ብቻ እንዳትልኪ። የክፍሉን ቁጥር፣ ምድር ቤት መሆኑን፣ ቀኑን በሐበሻም በፈረንጅም፣ የከፈልሽውንና የቀረውን በአንድ መልእክት ጽፈው ይላኩልሽ። ለገና የተሻለ ከፋይ ሲመጣ እንግዳውን ሌላ ክፍል ውስጥ የሚያዛውሩ አሉ፣ ጽሑፍ ካለሽ ግን እምቢ ማለት ትችያለሽ። የቤቱን ባለቤት ስልክም ተቀበዪ፣ የእንግዳ ተቀባዩ ብቻ አይበቃም፣ በዚያ ሰሞን ልጁ ራሱ ማኅሌት ሄዶ ስልኩን ላያነሳ ይችላል። ተጨማሪ ብርድ ልብስም አሁኑኑ አስይዢ፣ ስትደርሱ አልቋል ይሉሻል።